ያልተሞከሩት ሃያ ጥይቶች

ጡረታ የወጣሁ ጊዜ መሥሪያ ቤታችን ሐይቅ ዳር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ምሳ ጋብዞ ሸኘኝ። ጋቢ ደረቡልኝ፤ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። የመግቢያና የመውጫ ፊርማ ለቀረለት ሰው ሰዓት መስጠት ምን የሚሉት ቀልድ ነው እያልኩ በሆዴ ስስቅ፣ አዲሱ ኃላፊያችን ወረቀት ይዞ ተነሣ። ዕድሜው ከመጨረሻ ልጄ አይበልጥም፤ ጨዋ ነው። "ጋሽ ጴጥሮስ ይህን ሁሉ ዘመን በመሣሪያ ግምጃ ቤት ሲያገለግሉ አንድም ጥፋት ያልሠሩ ሰው ናቸው" ብሎ አነበበ። ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። በሩ አጠገብ የጥበቃ ልብሱን እንደለበሰ የተቀመጠው ማርቆስም አጨበጨበልኝ።

የጎረስኩት ዓሣ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እሾህ መስሏቸው ጀርባዬን ደበደቡኝ፣ ውኃ አጠጡኝ፤ አንዷማ "ዳቦውን ሳያኝኩ ዋጥ ያድርጉት፣ እሾሁን ይዞት ይወርዳል" አለችኝ። የምን እሾህ! ጥፋት ሠርቻለሁ። ትልቅ ጥፋት። ዋጋውን የከፈለው ደግሞ በሩ አጠገብ ሆኖ የሚያጨበጭብልኝ ሰው ነው። የዚያን ቀን ጋቢውን ለብሼ ቤቴ ገባሁና ለባለቤቴ እንኳ ሳልናገር ተኛሁ። ዛሬ ግን ከመጀመሪያው ልናገረው።

መሥሪያ ቤታችን የዱር እንስሳትን የሚጠብቅ ነው። ጫካና ሐይቅ ዳር የሚውሉት ጠባቂዎች፣ ስካውት የምንላቸው፣ የሚይዙትን ጠመንጃ የምጠግን፣ የምወለውል፣ ዒላማውን የማስተካክልና ቆልፌ የማስቀምጥ እኔ ነበርኩ። መሣሪያ ቤት ሲባል ሰው ተኳሽ ይመስለዋል። ወዳጄ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሠራ አንዲት ሚዳቋ አልገደልኩም። የገደልኩት ወረቀት ብቻ ነው። ስለ ደመወዙና ስለ ቅጹ አላወራም፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

የመጀመሪያ ምድቤ ኦሞ ቆላ ነበር። ሙቀቱ ብረቱን ሳይቀር ስለሚያግለው ጠመንጃ በጨርቅ ይዘን ነበር የምንሠራው። ሙያውን ያስተማሩኝ ሃምሳ አለቃ በዳሶ እዚያ ነው ያገኘኋቸው። የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ አጭር፣ ቁጡ፣ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጡ። ገና እጄን ሳልታጠብ ጠመንጃ ነክቼ እንደሆነ "በቅባት እጅ ሕፃን ታቅፋለህ?" ብለው ይጮኹብኝ ነበር። ለሰው ግን አዛኝ ነበሩ፤ ወባ ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ አጥሚት አፍልተው ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ጊዜ ስካውቶቹ ሁሉ ያማረሩት ጠመንጃ ነበር። አንዱን ቀን ግራ፣ ሌላውን ቀን ቀኝ ይመታል። አለቃችን "ይሄ ሞቷል፣ ለብረታ ብረት ይሂድ" ብሎ ወሰነ። ሃምሳ አለቃ አንስተው አገላበጡትና "ምን ስታበሉት ነው የከረማችሁት?" አሉ። ዝናራቸውን አስፈትተው ጥይቱን ብርድ ልብስ ላይ ዘረገፉት። አንዱ ዝናር ውስጥ ከአራት ቦታ የመጣ ጥይት ተቀላቅሏል። የቀለሁን ቂጥ እያዩ፣ እዚያ ላይ የተቀረጸውን የፋብሪካ ቁጥር እያነበቡ፣ እንደ ምስር በአራት ክምር ለቀሙት። ከዚያ ከየክምሩ አምስት አምስት ተኮሱ። ሦስቱን ዓይነት በተነው፤ አራተኛውን ግን ጠመንጃው አንድ ቦታ ላይ ሰበሰበው። "ጠመንጃው ጤነኛ ነው" አሉ። "ጠመንጃ እንደ ሰው ሆድ ነው፤ ለአንዱ የተስማማ ለሌላው አይስማማም። አዲስ ጠመንጃ ሲመጣልህ ያለህን ጥይት ሁሉ በየዓይነቱ አብልተህ እይ።"

አሞካከራቸውን ሰው ቢያይ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይመስለዋል። በመጀመሪያ የፋብሪካውን ቅባት ከበርሜሉ ውስጥ ጠርገው ያወጣሉ። ነፋስ ሳይነሣ፣ ጠዋት፣ አሸዋ የተሞላ ከረጢት ላይ ጠመንጃውን ያስተኛሉ። መቶ ሜትር ለክተው ያረጀ የቀን መቁጠሪያ ገልብጠው በጀርባው ላይ በከሰል ክብ ሥለው ይሰቅላሉ። የመጀመሪያውን ጥይት አይቆጥሩትም፤ "እሱ የዘይቱ ነው" ይላሉ። ከዚያ ከአንድ ዓይነት አምስት። ከአምስቱ በኋላ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። እናት የጡጦ ወተት እንደምትለካው የእጃቸውን አንጓ ከውስጥ በኩል በርሜሉ ላይ ያሳርፋሉ፤ ሳይቀዘቅዝ ሁለተኛውን ዓይነት አያጎርሱም። እኔ ቸኩዬ አንዱ ጥይት ወጣ ብሎ ሲመታ የማነጣጠሪያውን ብሎን ላዞር ስል እጄን በመወልወያ ዘንግ መቱኝ። "አንድ ጥይት ሐሜት ነው። ሦስት ጥይት ምስክር ነው። አምስት ጥይት ፍርድ ነው። በሐሜት ሰው ትቀጣለህ?"

ደግሞ ሲኒያቸው! ኪሳቸው ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለ ሲኒ ነበረቻቸው። ወረቀቱን አውርደው ሲኒዋን ቀዳዳዎቹ ላይ ይደፏታል። አምስቱን ከሸፈነች ጥይቱና ጠመንጃው ተስማምተዋል። የሻይ ብርጭቆ አፍ ከፈለገ ለጥበቃ ይሆናል። ሳህን ከፈለገ "መልሱት" ይላሉ። የሚኮሩበት ሌላ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ እኔም ከዚያ የተሻለ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ከኦሞ አርባ ምንጭ፣ ከአርባ ምንጭ ሐዋሳ ተዛወርኩ። ሃምሳ አለቃም ሥራ ትተው እዚሁ ሐዋሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ ልጃቸው ቤት ይኖሩ ነበር። እዚህ ከመጣሁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው ያ አዲስ ጠመንጃ የመጣው። ላዩ ላይ አቅራቢ መነጽር ያለው፣ ሰደፉ የሚያምር እንጨት፣ አንድ አንድ እያጎረሱ የሚተኩሱት። ሰው ላስቸገረ ከባድ አውሬ ብቻ ተብሎ ነበር የታዘዘው። ከእሱ ጋር ሁለት ዓይነት ጥይት መጣ፤ አንዱ ቀላል እርሳስ ያለው፣ በብዛት፤ ሌላው ከባድ እርሳስ ያለው፣ ወፍራም አጥንት የሚበሳ፣ ሃያ ፍሬ ብቻ፣ በትንሽ ካርቶን የታሸገ። በመጋዘን ደግሞ የሚገጥመው የድሮ ክምችት ነበረን። ሦስት ዓይነት ማለት ነው።

የዚያን ጊዜ ኃላፊያችን አቶ ተስፋሁን ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ጥይት ለሙከራ መተኮስ ጨርሶ አይዋጥለትም። "ጥይት ለአውሬ እንጂ ለወረቀት ይገዛል እንዴ?" አለኝ። ለምኜው አሥራ ሁለት ፍሬ ፈረመልኝ። ከከተማ ወጣ ብሎ አሸዋ የሚቆፈርበት ጉድጓድ አለ፤ ማርቆስን ይዤ እዚያ ሄድኩ።

ማርቆስን ላስተዋውቃችሁ። የጋሞ ልጅ ነው፤ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ያንሳል። እንደ እሱ ያለ ተኳሽ በዘመኔ አላየሁም። ሲተኩስ ትንፋሹ የት እንደሚገባ አይታወቅም። ከዚያ ውጭ ተረበኛ፣ ሳቂታ፣ ሰርግ ላይ መሬቱን የሚያስጨንቅ ጨፋሪ ነው። በዚያ ጠዋት ከድሮው ክምችት አምስት ተኮሰ፤ የሻይ ብርጭቆ። ከቀላሉ አምስት ተኮሰ፤ ሲኒ! አቅፌ ሳምኩት። መነጽሩን በቀላሉ ጥይት ልክ አስተካከልኩና ወረቀቱን ፈርሜበት አጠፍኩ።

ከባዱንስ? ካርቶኑን አልከፈትኩትም። ከተፈረመልኝ አሥራ ሁለት ሁለት ፍሬ ቀርቶኝ ነበር፤ ከባዱን በሁለት ፍሬ መሞከር ይቻል ነበር፤ ቢያንስ ሐሜቱን እሰማ ነበር። ለምን አልሞከርኩም ብትሉኝ፣ አሳሳኝ። እውነቱ ይኼ ነው። ባለቤቴ ቡፌ ውስጥ ስድስት ብርጭቆዎች አሏት፤ ከተጋባን ጀምሮ ለእንግዳ ተብለው ተቀምጠዋል፤ እኔ ውኃ የጠጣሁባቸው ቀን የለም። እኛ እንዲህ ነን። ጥሩውን ለቁም ነገር እናስቀምጣለን፤ በአልባሌው እንለማመዳለን። ከሃያ ላይ አምስት ወረቀት ላይ ማባከን ነውር መሰለኝ። አቶ ተስፋሁንን አላማርርም፤ ሃያውን ያሳሳኝ እሱ አይደለም።

ብዙም ሳይቆይ ሐይቁ ዳር ካለው መንደር፣ ከቡሹሎ፣ አቤቱታ መጣ። ከመንጋው የተባረረ አንድ ወንድ ጉማሬ ሌሊት ሌሊት ከሐይቁ እየወጣ በቆሎውን ያጭደዋል። ሰዉ ቆርቆሮ ደበደበ፣ እሳት አነደደ፣ ወይ ፍንክች። አንድ ማለዳ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ገለበጠ። ይገደል ተብሎ ተወሰነ። አብዛኛው ጥፋት የደረሰበት የአቶ ዳንጊሶ ማሳ ነበር። አቶ ዳንጊሶ በአካባቢው የተከበረ የሲዳማ ገበሬ ነው፤ ጎልማሳ፣ ንግግሩ አጭር። ጎህ ሲቀድ ማሳው ዳር አስቀመጠን፤ ጉማሬው ከበቆሎው ወጥቶ ወደ ደንገሉ ሲመለስ የሚያልፍበትን መንገድ በጣቱ አሳየን።

ካርቶኑን ያን ጊዜ ነው የከፈትኩት። ማርቆስ ጥይቱን ተቀብሎ በመዳፉ መዘነው።

"ጋሼ፣ ይሄ ያ የሞከርንበት አይደለም" አለኝ።

"አይደለም። ከዚያ የተሻለ ነው።"

"ተኩሰውበታል?"

"ማርቆስ! እኔን ነው የምትጠይቀው? ለቁም ነገር ብዬ ያስቀመጥኩልህ ነው።"

"እርስዎ ካሉ እሺ" አለና አጎረሰ።

እርስዎ ካሉ እሺ። ይህቺን ቃል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጆሮዬ ይዣት ኖሬአለሁ።

ጉማሬው ወጣ። ማርቆስ ከዓይንና ከጆሮው መካከል ያዘ፤ እዚያ ከመታው በቆመበት ነው የሚወድቀው። ተኮሰ። ጉማሬው አልወደቀም። ያወጣውን ድምፅ አልረሳውም፤ መንጋጋው ደም በደም ሆኖ ደንገሉን ሰንጥቆ ገባ። ሁለተኛ ለመተኮስ ጊዜ አልነበረም። የቆሰለ ጉማሬ ማለት ምን እንደሆነ የሐይቅ ዳር ሰው ያውቀዋል። ሁለት ቀን ሙሉ ውኃ የሚቀዳ፣ መረብ የሚጥል ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ቀን አቶ ዳንጊሶ ላሙ ገመድ በጥሳ ወደ ደንገሉ ስትሄድ ሊመልሳት ሮጠ። ጉማሬው ወጥቶ ጭኑን ሰበረው። ነፍሱን ያተረፉት ጎረቤቶቹ ናቸው። ጉማሬውን ሌሎች ተኳሾች ተጠርተው በብዙ ጥይት ጨረሱት።

አቶ ተስፋሁን ሰበሰበን። "ማነው ያጠፋው?" አለ። ማርቆስ ፊቱ አመድ መስሎ "ልክ ከዓይንና ከጆሮው መካከል ነው የያዝኩት። እጄ አልተነቃነቀም" አለ። አቶ ተስፋሁን ወደ እኔ ዞረ። "ጠመንጃውስ?"

ከኪሴ ወረቀቱን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አምስት ቀዳዳ፣ በሲኒ የሚሸፈን፣ ፊርማዬ ያለበት። "ጠመንጃው ተስተካክሏል" አልኩ። ያ በሌላ ጥይት የተመታ ወረቀት ነው አላልኩም። ያን ጊዜ በልቤ ጥርጣሬ ነበረ እንጂ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ይህን የምለው ራሴን ለማዳን አይደለም፤ እንዲያውም መጠርጠሬ ይብሳል። ማርቆስ ወረቀቱን ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ራሱ የተኮሰው ነው፤ ያውቀዋል። ከዚያ ቀና ብሎ እጁን አየ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ አልተከራከረም። ከተኳሽነት ተነሥቶ የበር ጥበቃ ተመደበ።

በሳምንቱ ብቻዬን አሸዋው ጉድጓድ ሄድኩ። ፈቃድም አልጠየቅሁ። ከከባዱ አምስት ፍሬ ተኮስኩ፤ በየመሐሉ እየጠበቅሁ፣ በርሜሉን በአንጓዬ እየዳሰስኩ፣ ሃምሳ አለቃ እንዳስተማሩኝ። ወረቀቱን አወረድኩት። አምስቱ ጥይት የሲኒዋን ግማሽ አልሞሉም። በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ አመታት አላየሁም። ግን ከክቡ አንድ መዳፍ ከሁለት ጣት ዝቅ ብለው፣ ወደ ግራ። ከዓይንና ከጆሮ መካከል ያለመ ሰው መንጋጋ የሚመታው በዚህ ልክ ነው። ጠመንጃው ጥፋት የለውም፤ ጥይቱም ጥፋት የለውም፤ ማርቆስም የለውም። አንድ ጠዋትና አምስት ፍሬ፣ ከዚያ የመነጽሩን ብሎን ማዞር ነበር የሚፈልገው። እዚያው አሸዋ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያስ? ከዚያማ ብሎኑን አዞርኩት። ጠመንጃው ከዚያ ወዲህ የያዘው ሁሉ የሚያመሰግነው ሆነ፤ "ጋሽ ጴጥሮስ ያስተካከለው" እየተባለ።

ወደ ሃምሳ አለቃ ሄድኩ፤ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ወረቀቱን በጣታቸው ዳሰሱት። ሁሉን ነገርኳቸው። "ለማን አሳየኸው?" አሉኝ።

"ለእርስዎ ብቻ።"

"እኔ ጋ ምን ልታደርግ መጣህ? የተቀጣው እኔ ነኝ?"

"ሃምሳ አለቃ፣ ሥራዬን ያሳጡኛል። ልጆቼ ገና ተማሪዎች ናቸው።"

"የሱስ ልጆች?" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ደግሜ ሄጄ አነጋግሬአቸዋለሁ፤ ያን ነገር ግን ዳግመኛ አላነሡትም። እኔ ያን እንደ ምሕረት ወሰድኩት። ሞኝ! በዓመቱ ዐረፉ።

ነገ እናገራለሁ እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ሄደ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት እነሣለሁ፤ ጌታ ከበሽታ አዳነኝ እላለሁ፣ ልጄን አስመረቀልኝ እላለሁ፣ ሰው ሃሌ ሉያ ይላል። ይቺን አንዷን ግን እዘላታለሁ። በመሥሪያ ቤቱ ሻይ ክበብ ደግሞ ቀልድ ተጀመረ። ማርቆስ ሻይ ሲያዝ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ይቀዱለታል። "እንዳይደፋብህ ብለን ነው፣ ማርቄ!" በመጀመሪያ ይስቅ ነበር። በኋላ ማንም ሳይቀልድበት ራሱ "ግማሽ አድርጊልኝ" ማለት ጀመረ። ሰርግ ላይ መጨፈሩንም ተወ። አንድ ቀን እኔም ከሰው ጋር ስቄአለሁ። አዎ፣ ስቄአለሁ።

እንግዲህ ከሽኝቱ ምሳ በኋላ ባለው ሰኞ በሩ ላይ ወዳለችው የጥበቃ ቤት ሄድኩ። ማርቆስ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። "ጋሼ! ጡረታ አላስቀምጥ አለዎት?" አለ እየሳቀ። አልተቀመጥኩም። ሳላቋርጥ፣ ሳላሳምር፣ ስለ ካርቶኑ፣ ስለ ብሎኑ፣ ስለ ሁለተኛው ወረቀት ነገርኩት። እየሰማኝ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ።

"እጄ አልነበረም?" አለኝ።

"አልነበረም።"

"እጄ ደህና ነበር?"

"ካንተ እጅ የጸና እጅ አላውቅም።"

መጀመሪያ ዓይኔ የተሳሳተ መሰለኝ፤ እያለቀሰ ነበር። ከዚያ ጮኸብኝ። አንቱታውን እንኳ አልተወም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ። "ጋሼ፣ እኔኮ አምኜ ነበር! የልጅ ልጅ ተወልዳልኝ ቆሜ አቅፌአት አላውቅም። እንዳትወድቅብኝ ብዬ ተቀምጬ፣ ከግድግዳ ተደግፌ ነው የምይዛት። እጄ በእንቅልፌ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ሚስቴን እጠይቃት ነበር። ዘጠኝ ዓመት! በየቀኑ በዚህ በር ሲገቡ 'እንደምን አደርክ' እያሉኝ!"

"ይቅር በለኝ" አልኩ።

"ቆይ! ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ሹክ ብለው ሊገላገሉ ነው? ስሜ የጠፋው በሰው ፊት ነው። በሰው ፊት ይናገሩ። ሻይ ክበብ ይናገሩ፣ ቡሹሎም ይሂዱ።"

እውነቱን ነው። በዚያው ቀን በሻይ ሰዓት ክበቡ መሐል ቆሜ ተናገርኩ። አዲሱ ኃላፊ "ጋሼ፣ አሁን ይሄ ምን ይጠቅማል? ያለፈ ነገር ነው" ብሎ ሊያስቀምጠኝ ሞከረ። "ለኔ ነው ያለፈው" አልኩት። ከማርቆስ ፋይል ጋር ይያያዝ ብዬ በጽሑፍም ሰጠሁ። ሻይ የምትቀዳው ሴትዮ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ ማርቆስን ማየት አልቻለም።

ቅዳሜ ከማርቆስ ጋር በባጃጅ ቡሹሎ ሄድን። አቶ ዳንጊሶ ምርኩዙን ይዞ ወጣ፤ እግሩ አጥሮ ቀርቷል። የመጣንበትን ስነግረው እጁን አነሣና አስቆመኝ። "ይህ ለእኔ ለብቻዬ አይነገርም" ብሎ ሽማግሌዎች አስጠራ። ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ከሁሉ የሸመገሉት አባት "እዚህ የሚነገረው ሀላሌ ብቻ ነው" አሉኝ፤ እውነት ማለታቸው ነው፤ በሲዳማ ሽማግሌ ፊት ሀላሌ ተብሎ ተጠርቶ መዋሸት ለዘር የሚተርፍ ነገር ነው። ተናገርኩ። አማርኛውን ለማይሰሙት አንዱ እየተረጎመ፣ እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ የሰማኋት ያህል ሆነ። "ለምን አልሞከርከውም?" ሲሉኝ "አሳሳኝ" አልኩ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

አቶ ዳንጊሶ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣ። ወደ እኔ የሚመጣ መስሎኝ እግሩ ላይ ልወድቅ ተዘጋጀሁ። አልፎኝ ወደ ማርቆስ ሄደ።

"ገበያ ላይ ስታየኝ ሰላም ብለኸኝ ፊቴን አዙሬብሃለሁ" አለው። "ልጆቼ በዚህ ስታልፍ እጃቸውን እያንቀጠቀጡ ሳቁብህ። አይቼ ዝም አልኩ። በውሸት ጠላሁህ። ይቅር በለኝ።"

ማርቆስ ጎንበስ ብሎ የአቶ ዳንጊሶን ጉልበት ሳመ። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲላቀሱ ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። "የአንተ ነገር ዛሬ አያልቅም" አሉኝ። "ተመልሰህ ትመጣለህ።" እሺ አልኩ። እስካሁን ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ ገና አላለቀም፤ ቢጠሩኝ መቶ ጊዜም እሄዳለሁ።

ስንመለስም በባጃጅ ነበር። መናኸሪያን አልፈን ማርቆስ ቤት ደጃፍ ስንደርስ እሱ ወረደ፤ እኔም ተከትዬው ወረድኩ። ሴት ልጁ ሕፃኗን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ማርቆስ እጁን ዘረጋላት። ልጁ እንደለመደችው በርጩማውን በእግሯ ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጋ "አባ፣ ቁጭ በላ" አለችው።

"አይ፣ ቆሜ ነው" አላት።

ልጁ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ሕፃኗን ሰጠችው። በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ከፍ አደረጋት። ሕፃኗ ፈርታ ዝም አለች፣ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች። እጁ ላይ ዓይኔን ተክዬ ነበር፤ ንቅንቅ አላለም።

በእኛ አገር ደጅ የደረሰ ሰው፣ ደመኛም ቢሆን፣ ይግቡ ይባላል። ቆሜ ጠበቅሁ። ማርቆስ ሕፃኗን ትከሻው ላይ አስደግፎ ዞር አለና "ደህና ይዋሉ፣ ጋሼ" አለኝ። ገብቶ በሩን ዘጋው። ባጃጁ ሄዶ ስለነበር በእግሬ ተመለስኩ።